ኩላሊቴን ልጠይቅ ወደ ዲክሲስ

«ኩላሊቱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ሞላ ያለች ሴት ነበር የጠበቅኩት» አሉኝ አዴ ድንቂቱ። ገና የግቢውን በር አልዘጋሁም። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸው ወገቤ ላይ ቆመ፤ የጎደለውን ቦታ የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ከመስጠቴ በፊት ሞላ ያልኩ ነበርኩ» አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ ዕድሜ ልኬን ቀጭን ነኝ።

ይህን የተባባልነው ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ከዲክሲስ ከተማ ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ግን ከማክሰኞ ጀምሬ ልናገር። አርሲን ረግጣችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ፤ እኔም ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከአዳማ አልፌ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

ወንድሜ ዳዊት የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። እናታችን ደም ግፊት አለባት፣ አባታችን በሕይወት የለም፤ እኔ ተመርምሬ ተስማማሁለትና አንዱ ኩላሊቴ እሱ ሆድ ውስጥ ገባ። ከዓመት በላይ ቤት ካገገመ በኋላ «ዲክሲስ ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ» አለ። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ጠፋ ወይ ብዬ ጮህኩበት። ሄደ።

የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባ ሰውነት አያምነውም። ባዕድ ነው ብሎ ሊያጠፋው ይነሳል። እንዳያጠፋው ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ኪኒኑ የሰውነትን መከላከያ ያደክማል። ኩላሊቱ በሰላም ይኖራል፤ ነገር ግን ለሌላው ሰው ጉንፋን የሆነ ቫይረስ ለዳዊት አልጋ ላይ የሚጥል ይሆናል። ስለዚህ ሲሄድ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት የኪኒን ሳጥን ገዛሁለት፣ አንድ ፓኮ ማስክ ጨመርኩ፣ ጥሬ ወተት እንዳትጠጣ፣ ሰው እንዳትስም ብዬ አስማልኩት።

ሰኞ ከሰዓት በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ግራ ጎኑ ላይ፣ ከጀርባው ተነስቶ ወደ ሆዱ የሚዞር፣ ቀበቶ የመሰለ ቀይ ነገር፤ ላዩ ውኃ የቋጠረ። «ሸረሪት ሸንቶብኝ ነው፣ አታካብጂ» ብሎ ጽፎበታል። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ ከመግባቴ በፊት ስልኬን ይዤ ክትትል የሚያደርግበት ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ፎቶውን በጣቱ አሰፋው።

«ልጅ ሆኖ ጉድፍ ይዞት ነበር?»

«ሁለታችንንም ነው የያዘን፣ በአንድ ሳምንት። አንድ አልጋ ላይ ነበርን።»

«ያ ቫይረስ ያኔ አልሄደም። ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ነው የኖረው። አሁን መከላከያው ሲደክም ነቃ። ይሄ አልማዝ ባለጭራ ነው።»

አልማዝ ባለጭራ ስንት ሰው ይዞት ሲድን አይቻለሁ፤ የሱቃችን ባለቤት እንኳ ይዞት ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።

«አለቃሽ የተዋሰው ኩላሊት የለውም» አለኝ። «ወንድምሽን ዓይኑ ላይ፣ ሳንባው ላይ፣ አንጎሉ ላይ ሊወጣበት ይችላል። ዛሬውኑ ይህን ኪኒን ይጀምር። ከጎኑ አልፎ ሌላ ቦታ ከታየ ግን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። በታጨቀ መኪና አዲስ አበባ ድረስ አታንከራቺው፤ አሰላ ሆስፒታል አስገቢው፣ እኔ እደውልላቸዋለሁ። መድኃኒቱን ግን ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ ላይገኝ ይችላል።»

ሦስት ፋርማሲ ዞሬ ብልቃጦቹን አገኘሁ። በካርቶን አሽገው ሰጡኝ፤ እኔ ደግሞ ዙሪያውን ካልሲ ጠቀጠቅኩበት። አለቃዬ ጫማ እየደረደረ «ሰኞ ጠዋት እዚህ ካልሆንሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ከአዳማ የተሳፈርኩበት ቅጥቅጥ ላይ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ኢተያ የምትወርድ እህል ነጋዴ ነበረች።

«ጫጩት ነው?» አለችኝ።

«መድኃኒት ነው።»

«ለማን?»

እኔ ነገር ደብቆ መቀመጥ አይሆንልኝም። «ለወንድሜ። አልማዝ ባለጭራ ይዞት» አልኩ።

ሴትየዋ ደረቷን መታች። «ወይኔ! መርፌ እንዳትወጉት!»

«መርፌ አይወድም» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

«አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አያድርም» አለች ሌላዋ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መኪናው በሙሉ ሐኪም ሆነ። ረዳቱ እንኳ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ የአጎቱን ታሪክ ተረከልን። እኔ ሃያ አንድ ብልቃጥ መርፌ አቅፌ ቁጭ ብያለሁ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ዳዊት ቢሰማ አያምንም።

ኢተያ ሳንደርስ ጎማችን ፈነዳ። መለዋወጫው ራሱ ንፋስ የለውም። ረዳቱ ጎማውን ሞተር ላይ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደና እኛ ስንዴ ማሳ ዳር ቆመን ቀረን። ነፋሱ አጥንት ይገባል። እኛ ሰፈር በኅዳር ብርድ አለ ብዬ ሳማርር የኖርኩ ሴት አፈርኩ። ነጋዴዋ ፎጣዋን ከራሷ ላይ አንስታ ካርቶኑን ሸፈነችልኝ። «መድኃኒቱ እንዳይበርደው» አለች። እኔን አይደለም፣ ካርቶኑን። ኢተያ ስትወርድ ፎጣዋን ትታልኝ ሄደች፤ ብጠራትም አልዞረችም።

አሰላ ስገባ የዲክሲስ መኪና የለም፤ ጠዋት ብቻ ነው አሉኝ። መናኸሪያው አጠገብ ፔንሲዮን ያዝኩ። ብርድ ልብስ ሁለት ነበረ፤ ባለቤቲቱ ሦስተኛ ይዛ መጣችና ካርቶኑን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ ብልህ ሆኜ «ጫጩት ነው» አልኳት። ብትስቅም ምድጃው አጠገብ ላስቀምጥልሽ ብላ አልለቀቀችኝም። ሳላስነካት ከአልጋዬ ሥር አስገብቼ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ስወጣ ጭላሎ ተራራ ጥርት ብሎ ቆሟል። አዲስ አበባ እንጦጦን ለማየት ፎቅ መካከል አንገት ማስገባት ያስፈልጋል፤ እዚህ ተራራው ራሱ ያያችኋል። የዲክሲስ ሚኒባስ ሞልቶ ለመነሳት አንድ ሰዓት ፈጀ። መንገድ ላይ ኮምባይነር አስፋልቱን ሙሉ ይዞ ሲሄድ ከኋላው ተሰልፈን ተሳበን። እኛ ሰፈር መንገድ የሚዘጋው የሰርግ ድንኳን ነው፤ እዚህ መኸር ይዘጋዋል። ማንም ክላክስ አላደረገም። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ከኮምባይነሩ ሰው ጋር ስለ ስንዴው ያወራል። እኔ ብቻ ነኝ መቀመጫዬ ላይ የምቁነጠነጠው።

ከዲክሲስ ከተማ በእግሬ ሄጄ ከአዴ ድንቂቱ ጋር የተገናኘሁት እንዲህ ነው። አዴ ማለት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። የዳዊት አከራይ ናቸው፤ ስልሳ ያለፋቸው፣ የመንደሩ ጴንጤ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን መሪ። ባላቸው ኦቦ ፈይሳ ገበሬ ናቸው፤ ቃላቸውን በጣም የሚቆጥቡ። እኔ አዲስ አበባ የማውቃት አከራይ የውኃ ሒሳብ ሲመጣ ብቻ ነው በር የምታንኳኳው። አዴ ድንቂቱ ግን ወንድሜን ከኪራይ ክፍሉ አውጥተው ሳሎናቸው ውስጥ፣ በራሳቸው አልጋ ላይ አስተኝተውታል።

«ኮቱ፣ ግቢ» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሃያ ሰው ይሆናል። ተማሪዎቹ አሉ፣ የተማሪዎቹ እናቶች አሉ፣ ነፍሰ ጡር ሴት አለች፣ አንዱ ሕፃን ደግሞ ዳዊት እግር ላይ ተቀምጧል። የመጣ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አራት ጊዜ ይስመዋል፤ የሚወጣውም ደግሞ ይስመዋል። ከትራሱ አጠገብ አንድ ማንቆርቆሪያ ኢቲቱ፣ ማለት በቅል የረጋ ጥሬ ወተት፣ ቆሟል። ጎኑ ላይ አረንጓዴ ነገር ተለጥፎበታል። ፊቱ ገርጥቷል።

«ማን ጠራሽ?» አለኝ።

«ሸረሪቷ» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጎኑን ወጋውና መሃል ላይ ተቋረጠ። ያኔ ደረቱ ላይ፣ ከቀበቶው ርቀው የወጡ አምስት ስድስት አዳዲስ ነጥቦች አየሁ። ከጎኑ አልፎ ሌላ ቦታ ከታየ ብሎኝ ነበር ሐኪሙ።

ማስኬን አደረግኩና «ይቅርታ፣ ሁላችሁም ውጡልኝ» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ለስላሳ ቃል ለመፈለግ ጊዜ አልነበረኝም። «ነፍሰ ጡሯ ቶሎ ትውጣ፣ ሕፃኑም። ይህ በሽታ ለእነሱም አይሆንም፤ እናንተ የያዛችሁት ጉንፋንም ለእሱ አይሆንም።»

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው ቆሙና «ኩላሊት የሰጠሽ ልጅ፣ በር ትነሺናለሽ?» አሉኝ። ወጡ። ሁሉም ወጣ። ፊቴ ጋለ፤ ግን አልመለስኳቸውም።

ዳዊትን ሐኪሙ ያዘዘለትን የቫይረሱን ኪኒን አስዋጥኩትና የገዛሁለትን የኪኒን ሳጥን ፈለግኩ። መስኮቱ ላይ ነበር። ሰኞ ማታ አለ። ማክሰኞ ጠዋት አለ። ማክሰኞ ማታ አለ። የዛሬ ጠዋትም አለ። አልተነካም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥር የሚሰጡት ሰውዬ ከፈረንጅ መድኃኒት ጋር አይጠጣም ብለው…»

«ሥር ጠጣህ? አንተ?» ድምፄ ግቢውን ሳይሞላ አልቀረም። «ባዮሎጂ አስተማሪ አይደለህም? ቫይረስ ምንድን ነው ብለህ አይደል ለልጆቹ የምታስተምረው?»

«እሱ ምዕራፍ ላይ ገና አልደረስንም» አለኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ኪኒኑን አራት ጊዜ ማለፍ ማለት የሰውነቱ መከላከያ ነቅቶ ኩላሊቴን ሊያየው ነው። ቫይረሱ በአንድ በኩል፣ ይሄ በሌላ በኩል። የዛሬውን ጠዋት ፊት ለፊቴ አስዋጥኩት፤ ያለፈውን ግን ደርቤ መስጠት እንደሌለብኝ አውቃለሁ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ኔትዎርኩም መብራቱም የለም። ደግሞ…» ጣሪያውን አየ። «አዴ ሦስት ቀን አልተኙም፣ ራሄል። በጨርቅ ሲያቀዘቅዙኝ ነው የሚነጋባቸው። ያመጡልኝን እንዴት አልጠጣም እላለሁ?»

«አሁን አሰላ እንሄዳለን።»

«እሳቸው እሺ ካላሉ አልሄድም።»

አዴ ድንቂቱ ምሳ ይዘው ገቡ። ባቄላ በዘይት ነው። ረቡዕ መሆኑን እኔ በመንገዱ ረስቼዋለሁ፤ እሳቸው ጾም የላቸውም። «ቲቸር ረቡዕ ቅቤ አይበላም፣ እህቱም አትበላም ብዬ ለብቻው ሠራሁ» አሉ። እየበላሁ ካርቶኑን ከፍቼ አሳየኋቸውና ነገሩን ተናገርኩ። ብልቃጡን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሹ።

«መርፌ?»

«በግሉኮስ ነው የሚሰጠው…»

«መርፌ ነው» አሉ። ተቀመጡ። «ወንድም ነበረኝ። ግርማ። እንዲህ ጎኑ ላይ ነው የወጣበት። ጤና ጣቢያ ወስጄ ያስወጋሁት እኔ ነኝ። እጁን ይዤ። ሲነጋ የለም። እኔ ነኝ ያስወጋሁት፣ ሰማሽ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። «በሽታው ይሆናል የገደለው፣ መርፌው አይደለም» አልኩ።

አዴ ድንቂቱ ሳህኑን አነሱ። ባዶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጠረጉት። ወጡና ከዚያ በኋላ ጓዳ ይሁኑ ጎረቤት ሳላውቅ እስከ ራት አላየኋቸውም።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ መኪና ሄደች። ወደ አመሻሹ ከውጭ ድምፅ ሰማሁና በር ልከለክል ተነሳሁ። ያባረርኳቸው ሰዎች ናቸው። አልገቡም። መስኮቱ ሥር፣ ያ ነፋስ እየመታቸው፣ ጎን ለጎን ቆመው በኦሮምኛ ይጸልያሉ። ከዘራ የያዙት ሽማግሌም አሉ። ዳዊት ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። መስኮቱን በትንሹ ከፈትኩላቸው። ሽማግሌው አዩኝ። «ከዚህ ይበቃል፣ ወይስ እንራቅ?» አሉኝ።

«ይበቃል አባቴ» አልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ዳዊት ቅንድቡ ላይ አንድ ነጥብ ወጥቶበት አገኘሁት። ከዓይኑ አንድ ጣት አይርቅም። ጫማዬን እያሰርኩ፣ እምቢ ካለ ጎትቼ እንደምወስደው እየዛትኩ ሳለ አዴ ድንቂቱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አሳዪኝ» አሉ።

ምኑን እንደሆነ ገባኝ። ሹራቤን ገልጬ ጎኔን አሳየኋቸው። ጠባሳውን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። ጣታቸው ሻካራ ነው፤ ግን ገና እንዳልዳነ ቁስል ነው የነኩት።

«ስንት መርፌ ወጉሽ?»

«አልቆጠርኩም። ብዙ።»

«እሱንስ?»

«ከእኔ ይበልጣል።»

«እና ሁለታችሁም ተነሳችሁ።»

«ተነሳን።»

ሹራቤን ራሳቸው መለሱልኝ። «አሁን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ። «ትናንት ሮጥሽብኝ።»

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ስለ ኪኒኑ፣ ሰውነቱ የእኔን ኩላሊት ባዕድ ብሎ እንዳያባርር ስለማድከሙ፣ ስለ ጉድፉ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ነርቩ ውስጥ ተኝቶ ስለኖረው ነገር። ቀስ ብሎ መናገር ለእኔ ከኦፕራሲዮኑ ይከብዳል። አዴ ድንቂቱ ግቢው ጥግ የታሰረውን ውሻ ሲያዩ ቆዩ። ትናንት እኔ ስመጣ ነው ያሰሩት።

«እንግዳ ቤት ሲያድር ውሻ እናስራለን» አሉ። «እንግዳው የአንቺ ኩላሊት ነው። ውሻውን አስራችሁት ጅቡ መጣ።»

«አዎ። እንደሱ ነው።»

«ታዲያ ውሻው እንደታሰረ እኛው ነን ጅቡን የምናባርረው።» ተነሱ። «እሄዳለሁ። ግን እጁን የምይዘው እኔ ነኝ። ሐኪም ውጪ ቢለኝም አልወጣም።»

ኦቦ ፈይሳ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጥተው የጎረቤት አይሱዙ ይዘው ተመለሱ። ገብስ ጭኖ ወደ አሰላ የሚሄድ ነው። ዳዊት ከሰው ጋር እንዳይጋፋ ጋቢና ለእሱ ተለቀቀ፤ አዴ ድንቂቱ አጠገቡ ሆኑ፣ እኔ ከካርቶኔ ጋር ጆንያ ላይ ወጣሁ። ኦቦ ፈይሳ ከሥር ሆነው ጋቢያቸውን ወረወሩልኝ። «በጋቢው ጠቅልያት» አሉ፤ ካርቶኗን ማለታቸው ነው። አንድም ብልቃጥ አልተሰበረም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለብቻው ክፍል ሰጡት። የአዲስ አበባው ሐኪም ደውሎ ነበር። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ አዴ ድንቂቱ በሁለት እጃቸው የዳዊትን እጅ ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሎታቸው ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ነርሷ ጨርሳ፣ ፕላስተር ለጥፋ ሄደች፤ እሳቸው ግን አልለቀቁም።

«ቲቸር፣ አለህ?»

«አለሁ አዴ።»

ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል። አምስት ደቂቃ አለፈ።

«ቲቸር?»

«አለሁ።»

እንዲህ ሲሉ ዋሉ። ሲመሽ ሁለተኛው ብልቃጥ ሲገባም ያው ነው። ነርሷ «እናቱ ናቸው?» አለችኝ። አከራዩ ናቸው ስላት አላመነችም።

ዓርብ

ከሳሎን ያስወጣኋቸው ባለከዘራ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ መሰለኝ፣ ለሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ ሰላምታ በትሕትና ሰጠሁ። ጠዋት የደም ውጤት መጣ። የክፍሉ ሐኪም ወጣት ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደር ላይ ጠራኝ።

«ክሪያቲኒኑ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ከፍ ብሏል። ኩላሊቱ ተጎድቷል። ያለፈው ኪኒን ይሁን፣ የጠጣው ሥር ይሁን፣ ውኃ ማነሱ ይሁን ገና አናውቅም። ይህ የምንሰጠው መድኃኒትም ብዙ ፈሳሽ ይፈልጋል። ውኃ በደንብ ይጠጣ። ሽንቱን በየቀኑ እንለካለን። በቀን ወደ ሁለት ሊትር ከተጠጋ መልካም ነው። ከቀነሰ አዲስ አበባ እንልከዋለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እናያለን» አለ። የሐኪም ‹እናያለን› ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ።

ልኬቱን አዴ ድንቂቱ ተረከቡ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ፤ ነርሷ በማርከር መስመር አሰመረችበት። ቤታቸው ወተት ለክተው ለማኅበር የሚያስረክቡ ሴት ናቸው፤ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያነቡት። ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይቆጠራል።

እኔ ምግብ ፍለጋ ወጣሁ። አሰላ ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ባጃጁ ሁሉ ያቃስታል። ኩላሊት ያለበት ሰው ጨው አያብዛ የሚባለውን ምግብ ቤት ውስጥ ማስረዳት አዲስ አበባ ጭቅጭቅ ነው፤ እዚህ ያነጋገርኳት ሴት «ለማን ነው?» ብቻ አለችኝና ቅንጬውን እንደ አዲስ ጀመረች። ስመለስ አዴ ድንቂቱ ከነጠላቸው ሥር አንድ ቆርቆሮ አወጡ። ጩኮ ነው፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት።

«ለአንቺ ነው። ብይ። አንድ ብቻ ነው የቀረሽ።»

«ቅቤው ለኩላሊት ምን ያደርጋል አዴ?»

«ለኩላሊትሽ አይደለም። ለወገብሽ ነው፣ ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለት ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት ሰዓት። አዴ ድንቂቱ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሱ። ብዙ አዩት። «ግማሽ ሃይላንድ» አሉ። «ትንሽ ያንሳል።»

ነርሷ ጻፈችና ሄደች። አዴ ድንቂቱ ጠርሙሱን ሊያጥቡ ወጡ፤ ቆዩ።

የቅንድቡ ነጥብ ደርቋል። አዲስ አልወጣም። ቫይረሱ እያፈገፈገ ነው አሉን። እኔ ግን የማየው ባዶውን የጠርሙስ ቦታ ነው።

ዳዊት ወደ ግድግዳው ዞሮ «ካበላሸሁብሽ…» አለ።

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ። አንቺ የሰጠሽኝን ለሥር ብዬ። ሰው ቅር እንዳይለው ብዬ።»

ልጆች ሆነን ጉድፍ ሲይዘን እማማ እንዳናክ ጣታችንን በጨርቅ አስራ ነበር። እሱ ጥርሱን ተጠቅሞ የእኔን ይፈታልኛል፣ እኔ አካለሁ፣ ቁጣው ለእሱ ይሆናል። ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ ከዚያ ናት። ይህን ላወራው ፈልጌ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ስማ። አንዴ የሰጠሁትን አልመልስም፣ የሚመለስም አይደለም። እኔን አትፍራኝ። አንተ ዝም ብለህ ውኃ ጠጣና ሽና።»

ሳቀ። በዚህ ጊዜ ጎኑ እስኪያመው ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። አልተጠጋሁትም፣ ማስኬም ረጠበብኝ። ብርጭቆውን ሞልቼ አቀበልኩት። ጠጣ። ሌላ ሞላሁ። አዴ ድንቂቱ ሲገቡ ሁለታችንንም አዩና ምንም ሳይጠይቁ ሦስተኛውን ብርጭቆ እሳቸው ሞሉ። ቀኑን ሙሉ በየተራ ስናጠጣው ዋልን። ማታ ላይ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ እሳቸው ለብቻው አስቀመጡት፤ ገና ነው፣ አይቆጠርም፣ ጠዋት ይቆጠራል አሉኝ።

እሑድ

መኪና እንዳያመልጠኝ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ መውጣት ነበረብኝ። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ካልተገኘሁ ሌላ ይቀጠራል። የቀረው መድኃኒት አራት ቀን ነው፤ አዴ ድንቂቱ እስከ መጨረሻው ብልቃጥ አልሄድም ብለዋል። ኦቦ ፈይሳም ብርድ ልብስ አምጥተው ሲያበቁ ውጭ በር ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ ወደ ውስጥ ሰው እንዳይገባ የሚከለክሉት እሳቸው ናቸው አሁን። እኚያ ባለከዘራ ሽማግሌ ራሳቸው ከዲክሲስ መጥተው ኦቦ ፈይሳ ከበር መለሷቸው አሉ።

የኪኒን ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ። ዓርብ ባዶ። ቅዳሜ ባዶ። የእሑድ ጠዋት ባዶ።

«ትቆጥሪያለሽ እንዴ?» አለኝ ዳዊት።

«አዎ።»

«ሂጂ በቃ፣ መኪናው ይቆምልሻል እንዴ?»

በሩ ላይ ሆኜ እጄን አነሳሁለት። እሱም ግሉኮስ ያለበትን እጁን አነሳ። አዴ ድንቂቱ የሉም፤ ነርሷ ጠርታቸው ጠርሙሶቹን ይዘው ወደ ልኬቱ ሄደዋል። ልጠብቅ አልኩ። ኦቦ ፈይሳ ቦርሳዬን አንስተው ወጡ። ባጃጁ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል። የነጋዴዋን ፎጣ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ የጩኮውን ቆርቆሮ ጭኔ ላይ፣ ካርቶኑ በነበረበት። ኦቦ ፈይሳ መጋረጃውን ወደ ታች ሳቡልኝ፤ እኔ መልሼ ገለጥኩት።

ባጃጁ ተነሳ። የግቢውን አጥር ይዞ ሲዞር ከላይኛው መስኮት ስሜን ሰማሁ። አዴ ድንቂቱ ናቸው፤ እስከ ወገባቸው ወጥተዋል። በአንድ እጃቸው ባዶውን ሃይላንድ ይዘዋል። ሌላውን እጃቸውን ዘርግተው ሁለት ጣት አሳዩኝ። ከዚያ ሦስተኛውን ጣት ጨመሩና ግማሹን አጠፉት።

ባጃጁ ዳገቱን ወረደ።